ጅማ ላይ ሰፈርን ከማገዶ ጭስ ማላቀቅ፦ ከእድር እስከ ምጣድ

ጅማ ተቀምጦ ስለ ኃይል እጥረት ማውራት ትንሽ ይገርማል። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ቅርባችን፣ በአዲስ አበባ መንገድ አቅጣጫ እየሠራ ነው። ከዚያ በኋላ 420 ሜጋ ዋት የሆነው ጊቤ ሁለት ተጨመረ። እንደዚያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት ወደ ከተማዋ የሚገቡ መንገዶችን ብታዩ እንጨት የጫኑ አህዮችና እስር የተሸከሙ ሴቶች ታገኛላችሁ። ብዙ ቤት አምፖሉን በኤሌክትሪክ ያበራል፣ እንጀራውን ግን በጉልቻ ይጋግራል።

ይህ መመሪያ በሰፈሩ ይህን መቀየር ለሚፈልግ ሰው ነው። ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። አንድ እድር፣ አንድ ሚዛንና ወሬ የማይፈሩ አራት አምስት ሰዎች ይበቃሉ። ቀድሜ አቋሜን ልናገር፦ ንጹህ ኃይል ሲባል ሁሉም ሰው ወደ ጣሪያ አንጋጦ ሶላር ያስባል። እኔ ግን መጀመሪያ ምጣዱን እዩ እላለሁ። የቤት ማገዶን ትልቁን ድርሻ የሚበላው የእንጀራ ጋገራ ነው። ጭሱም ያለው እዚያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። አንድ አምፖል በሶላር መቀየር ጥሩ ነው፤ ይህን ጭስ ግን አይነካውም።

አንደኛ፦ ሰዎቹን ማግኘት

እድሩ ጋ ሂዱ፣ ግን በስብሰባው አትጀምሩ። የእድር ሰብሳቢ ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው፤ እሳት አያነድም። ጭሱን የምትስበው ሴት ደግሞ ስብሰባው ላይ የለችም። ስለዚህ መጀመሪያ ቡና ላይ ተገኙ። ጅማ ላይ ሰፈር የሚወስነው ቡና ላይ ነው፤ ስብሰባው የሚያጸድቀው ብቻ ነው።

ከዚያ የምትፈልጉት አራት ዓይነት ሰው ነው። በጋገራዋ ሰፈሩ የሚያምንባት አንዲት ሴት። ሒሳብ የምትይዝ ወይም የሚይዝ። መስመር የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን። አራተኛው ቢሮ ለቢሮ መመላለስ የማይሰለቸው ሰው ነው። ወጣቶችም አይቅሩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ ልኮ በማሠራት የታወቀ ነው። ቂጦ ፉርዲሳ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚሁ ነው። በደብዳቤ ጠይቁ፤ መለካትና መመዝገብ የሚወዱ ልጆች አይጠፉም።

ስታወሩ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን። አንዱን ቋንቋ ብቻ ከያዛችሁ ግማሹ ሰው «ገባኝ» ብሎ ይሄዳል፣ ግን አይመለስም።

ሁለተኛ፦ ሰፈሩ ምን ያህል እንደሚያነድ ማወቅ

15 ወይም 20 ቤት ምረጡ። የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ ከአከራይ መስመር የሚወስድ፣ መብራት የሌለው፣ ከብት ያለው፣ ሁሉም ይካተት። አንድ ሳምንት ሙሉ መዝግቡ።

«በወር ስንት ማገዶ ትፈጃላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ማንም አያውቀውም፤ ደስ የሚላችሁን ቁጥር ይነግሯችኋል። «እማማ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት እስር ገዙ? ስንት ብር? ከሰልስ?» በሉ። በተቻለ መጠን እስሩን በሚዛን መዝኑ፤ የአንዷ እስር ከሌላዋ እስር በእጥፍ ሊለያይ ይችላል። ማገዶ የሚለቅም ቤት ካለ ደግሞ ማን እንደሚሄድና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጻፉ። ብዙ ጊዜ የምትሄደው ልጅ ናት፤ ሰዓቱ ከትምህርት ቤት ሰዓት ላይ እንደሚቀነስ ወላጆች በቁጥር ሲያዩት ነገሩ ይለወጣል።

ይህን ምዝገባ ከክረምቱ በፊት ጨርሱ። ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ እንጨቱ ይረጥባል፣ ዋጋው ይወጣል፣ ጭሱ ይብሳል። አዲሱ ምድጃ በዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ ካለ ራሱ ይመሰክራል።

ሦስተኛ፦ ለየትኛው ቤት ምን

ሁሉንም ቤት በአንድ ዕቃ ለመቀየር መሞከር ብዙ ዘመቻ የሚሞትበት ቦታ ነው። ሰፈሩን ቢያንስ በሦስት ክፈሉት።

የራሱ ቆጣሪና ደህና መስመር ያለው ቤት በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ይሂድ።

ከአከራይ መስመር የሚወስድ ወይም መብራት የሚቆራረጥበት ቤት በምርጥ ምድጃ ይጀምር። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተሠርቶ በክፍል በክፍል የሚገጣጠመው ማለት ነው። በሚገባ ከተያዘ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለከሰል ደግሞ ላቀች ምድጃ አለች። ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲወዳደር ሩብ ያህል ከሰል ታተርፋለች። ተከራይ ምርጥ ምድጃን ቢወድም «ቤት ስለቅስ?» ይላል። መልሱ ቀላል ነው፦ ተነቃቅሎ ይሄዳል፤ ከባድ ስለሆነ ግን ጋሪ ያስፈልጋል።

ከከተማው ዳር ያሉና ከብት ያላቸው ቤቶች ባዮጋዝን፣ ማለትም ከእበት የሚገኘውን ጋዝ፣ ያስቡ። ስለነሱ ወደኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ጀበናውን ግን አትንኩት። የቡና ከሰልን ለማስቀረት የተነሳ ሰው ጅማ ላይ ሁለተኛ ስብሰባ አይኖረውም። ለቡና የሚነደው ከሰል ከጋገራው ጋር ሲወዳደር ጥቂት ነው። እዚህ ላይ አጥብቃችሁ የምትናገሩት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ በር ሳይከፈት ከሰል አይቀጣጠል፣ ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥም አይተኛ። የከሰል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም። በብርድ ምሽት ቤተሰብ የሚጨርሰው ለዚህ ነው።

አራተኛ፦ የጋገራ ሙከራ በአደባባይ

የሥራው እምብርት ይህ ነው። በራሪ ወረቀት አትበትኑ። ሰፈሩ እያየ ጋግሩ። አንድ ሰው ተነስቶ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ማለቱ አይቀርም። ይበል። ወጡን ሳይሆን ማገዶውን እንደምትመዝኑ ንገሩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሦስት ቦታ አዘጋጁ፦ ጉልቻ፣ ምርጥ ምድጃና የኤሌክትሪክ ምጣድ። ሊጡ ከአንድ ቡሃቃ ይቀዳ። ጋጋሪዋም አንድ ትሁን፤ ሁለት ባለሙያ ካወዳደራችሁ የምትለኩት ምድጃውን ሳይሆን እጃቸውን ነው። በእያንዳንዱ 20 እንጀራ ይጋገር። በአንድ ቀን ካልተመቸ በተለያየ ቀን ሊሆን ይችላል፤ እንጨቱ ግን ከአንድ ክምር ይምጣ። እርጥብ እንጨት ውስጥ የምትመዝኑት ግማሹ ውሃ ነው።

ከማንደድ በፊት ለእያንዳንዱ ምድጃ ለምሳሌ 12 ኪሎ እንጨት መዝናችሁ አስቀምጡ። ምጣዱ ቀዝቃዛ ሆኖ ይጀመር፤ ማሟሻውም ከወጪው ይቆጠራል። ጋገራው ሲያልቅ እሳቱን አጥፉና ያልነደደውን እንጨት መዝኑ። የቀረውን ከሰልም ለብቻው መዝናችሁ ጻፉ፤ ባለቤትየዋ ስለምትጠቀምበት ጨርሶ እንደጠፋ አይቆጠርም። በኤሌክትሪኩ በኩል የቆጣሪውን ቁጥር ከመጀመራችሁ በፊትና ከጨረሳችሁ በኋላ አንብቡ። በዚያን ሰዓት ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር አይሰካ።

ቀጥሎ ሒሳቡ። የጉልቻው ኪሎ በዕለቱ የማገዶ ዋጋ ይባዛና ለ20 ይካፈል። ምርጥ ምድጃውም እንዲሁ። የኤሌክትሪኩ ኪሎ ዋት ሰዓት በቤቱ ታሪፍ ይባዛና ለ20 ይካፈል። የአንድ እንጀራ የማገዶ ዋጋ በሳንቲም ወጣ ማለት ነው። ይህን ቁጥር በትልቅ ካርቶን ላይ ጽፋችሁ ለጥፉት። እኔ እዚህ ብር ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ የማገዶም የታሪፍም ዋጋ ይቀያየራል። ሰውም የሚያምነው በገዛ ሰፈሩ የተመዘነውን ነው።

ምርጥ ምድጃው ከጉልቻው አንድ ሦስተኛ እንኳ ካልቀነሰ ዕቃውን ከመውቀሳችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈትሹ። መጋጠሚያዎቹ በጭቃ ተደፍነዋል? ምጣዱ በልኩ ነው? ምድጃው የሚሠራው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ ምጣድ ነው፤ ምጣዱ ካነሰ እሳቱ በዳር ያመልጣል። ሦስተኛ፣ እንጨቱ ቀጭን ሆኖ ተፈልጧል? በጉልቻ ልማድ ግንድ የሚገፋበት ሰው ምርጥ ምድጃ ውስጥም ግንድ ይገፋል፣ ከዚያ «ይጨሳል» ይላል።

እንጀራውን ለታዳሚው አቅርቡ፤ ከየትኛው ምድጃ እንደወጣ ግን አትናገሩ። ይለዩት እንደሆነ ይሞክሩ። «የኤሌክትሪክ እንጀራ አይጥምም» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል።

አምስተኛ፦ ገንዘቡ

ሰው አምኖ ሲያበቃ ኪሱ ይይዘዋል። ማገዶ በየቀኑ በትንሽ ብር ይገዛል፤ ምጣድ ግን አንድ ጊዜ ብዙ ብር ይጠይቃል። መፍትሔው ሁላችንም የምናውቀው እቁብ ነው።

የምጣድ እቁብ 12 አባል ይኑረው። በየወሩ እያንዳንዱ የምጣዱን ዋጋ 12ኛ ይጥላል። ዕጣ የወጣለት ግን ብር አይቀበልም፤ ምጣዱን ነው የሚቀበለው። ብር ከሰጣችሁት ለደብተርና ለዩኒፎርም ይሄዳል፣ አይፈረድበትም። ችግሩ የዋጋ ጭማሪ ነው። መጨረሻ ዕጣ የሚወጣላት ሴት በጥር የተዋዋለችውን ምጣድ በታኅሣሥ ዋጋው ጨምሮ ታገኘዋለች። ስለዚህ መዋጮው የወሩን ዋጋ ተከትሎ ይስተካከል፤ ይህም ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይግባ። አለበለዚያ ጠቡ ስምንተኛው ወር ላይ ይጠብቃችኋል።

የተሻለው መንገድ እድሩ ካለው ተቀማጭ 12ቱን በአንዴ ገዝቶ አባላት በየወሩ ቢመልሱ ነው። በጅምላ ሲገዛ ዋጋው ይቀንሳል፤ ጭማሪውም አያሳስብም። ግን የእድር ገንዘብ የቀብር ገንዘብ ነው፤ በዚህ ላይ አትቀልዱ። ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን፣ ቢያንስ ሦስት ቀብር የሚያስፈጽም ብር እንዳይነካ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። የተረፈው ብቻ ለብድር ይውጣ።

ወለድ የሚባል ነገር ከተነሳ ጅማ ላይ ግማሹ ሰው ይነሳል። እቁብና የእድር ብድር ወለድ ስለሌላቸው ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ሰፈርተኛ ጋር ያስማማሉ። ወደ ባንክ መሄድ ግድ ከሆነም ከወለድ ነፃ መስኮት ያላቸውን ጠይቁ። ዳር ላይ ላሉ ቡና አምራቾች ደግሞ ክፍያው በየወሩ መሆኑ ትርጉም የለውም። ብር እጃቸው የሚገባው ቡና ሲለቀም፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ክፍያውን እዚያ ላይ አድርጉት። ሐምሌ ላይ በራቸውን አታንኳኩ።

ስድስተኛ፦ መስመሩና ትራንስፎርመሩ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ዘመቻ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ ስለዚህ ጠጋ ብላችሁ አንብቡት።

አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ነው። በተራ ሶኬትና በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ከተሰካ ስፒናው ይቀልጣል፣ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል። ለምጣድ ከብሬከር በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር ይዘርጋ፦ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር፣ የመሬት ሽቦም አይቀር። እርጥብ ወለል ላይ ቆማ የምትጋግር ሴት የመሬት ሽቦ የሌለው ምጣድ መንካት የለባትም። የመስመሩን ወጪ ከምጣዱ ዋጋ ጋር ደምራችሁ እቁቡ ውስጥ አስገቡት።

ቀጥሎ ትራንስፎርመሩ። ምሰሶው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 100 ኬቪኤ ከሆነ (ለምጣድ ሲሆን 100 ኪሎ ዋት ያህል ማለት ነው) 30 ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተሰካ 105 ኪሎ ዋት ነው፤ አምፖሉና ቴሌቪዥኑ ገና ሳይጨመር ከአቅሙ በላይ ሆነ ማለት ነው። ቮልቱ መውረድ ይጀምራል። ቮልት ሲወርድ ምጣዱ የሚያጣው ኃይል ከምታስቡት በላይ ነው፦ 220 የነበረው ወደ 180 ቢወርድ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ 2,300 ገደማ ብቻ ይሰጣል። «ምጣዱ ማታ ማታ አይሞቅም» የሚባለው ለዚህ ነው። ምጣዱ አልተበላሸም፤ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ሰክቶ ነው።

ስለዚህ ተራ አውጡ። የላይኛው መንገድ ሰኞና ሐሙስ፣ የታችኛው ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት፣ ሌላው ረቡዕና ቅዳሜ። ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ማንም አይጋግር። ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ማሟሻ ተከታትለው ቢጋግሩ ደግሞ የማሞቂያውን ኃይል ይጋራሉ። በጾምና በረመዳን የጋገራ ሰዓት ስለሚቀየር ተራውን ያኔ እንደገና ተነጋገሩበት።

የምጣዱን ብዛት፣ የትራንስፎርመሩን አቅምና የለካችሁትን ቮልት ይዛችሁ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ደብዳቤ አስገቡ። «መብራት ያስቸግረናል» ከሚለው አቤቱታ ይልቅ ቁጥር ያለው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይከብዳል። ቅጂውን በቀበሌ ማኅተም አስደግፋችሁ ለከተማው የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤትም ስጡ። የምርጥ ምድጃ አምራቾችን አድራሻ የምትጠይቁትም እዚያው ነው። ሲሚንቶ ስለሆነ ገና ሳይጠነክር የተሸጠ ምድጃ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። ስንት ቀን ውሃ እየጠጣ እንደቆየ ጠይቁ፤ ከሳምንት በታች ካሉ ትታችሁ ሂዱ።

ሰባተኛ፦ ከከተማው ዳር

ባዮጋዝ የሚሠራው አራት ከብት ገደማ ላለው፣ ከብቱን ማታ ቤት ለሚያሳድርና ውሃ ቅርብ ላለው ቤት ነው። አንዱ ከጎደለ አትግፉ። 6 ሜትር ኩብ ጉድጓድ በቀን 30 ኪሎ እበትና 30 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ከዚህ ወደ ሦስት ሰዓት የሚነድ ጋዝ ይገኛል፤ ለወጥ፣ ለሻይና ለቡና በቂ ነው። የእንጀራ ምጣድን ግን በተራው የባዮጋዝ ምድጃ አታስቡት። የጅማ ሙቀት ለባዮጋዝ ምቹ ነው። የሚተርፈው ዝቃጭ ለቡናና ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው፤ አንዳንዱ ገበሬ ከጋዙ ይልቅ እሱን ሲያይ ነው የሚወስነው። ጉድጓዱን መቆፈር በደቦ ይሁን፤ ግንበኛው ግን የሠለጠነ ይሁን፤ ጋዝ የሚያፈስ ጉልላት ማንም አይጠግነውም።

የቡና ገለባም አለ። መፈልፈያ ቤቶች አጠገብ ተከምሮ ይበሰብሳል። እንዳለ ከነደደ ጭሱ አይቻልም። በታፈነ በርሜል አክስላችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ በጥቂት ሸክላ አፈር ወይም በስታርች አቡክታችሁ ብትጨምቁትና ብታደርቁት የከሰል ጡብ ይወጣዋል። ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች ጥሩ ነው። የማድረቂያ ቦታ ግን ጣሪያ ያስፈልገዋል፤ በጅማ ዝናብ አደባባይ ላይ የሚደርቅ ነገር የለም።

ሶላር መብራት ለሌለው ቤት ነው። አንድ ምሳሌ ይበቃል። አምፖሎቹ በማታ 25፣ ትንሽ ቴሌቪዥን 120፣ ስልኮች 20 ዋት ሰዓት ቢወስዱ ድምሩ 165 ነው። በክረምት ደህና ፀሐይ በቀን 3 ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ቁጠሩ፤ ብክነቱን ጨምራችሁ ከ80 እስከ 100 ዋት ፓኔል ትፈልጋላችሁ። 50 ዋቱን «ይበቃል» የሚል ሻጭ በጥር ፀሐይ እያሰላ ነው። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ይበል፤ ዝናቡ አቧራውን ያጥብለታል። የዋስትና ወረቀት የሌለው ዕቃ አትግዙ።

ስምንተኛ፦ ከገባ በኋላ

ምጣዱ ገባ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የማሞቂያ ሽቦው ይቃጠላል፣ ሸክላው ይሰነጠቃል፣ ስፒናው ይላላል። በሳምንት ካልተጠገነ ጉልቻው ይመለሳል። ስለዚህ ከየአባሉ በወር ጥቂት ብር የጥገና መዋጮ ያዙ። ሁለት መለዋወጫ ሽቦና አንድ ሸክላ እድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ ከሳህኑና ከድንኳኑ አጠገብ። ከሰፈሩ ሁለት ወጣቶች፣ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል፣ ሽቦ መቀየር ይማሩ። ቤት ውስጥ ሴት ብቻዋን ስትሆን ወንድ ጠጋኝ ለማስገባት የምትቸገር ብዙ ናት።

በመጀመሪያው ወርና በሦስተኛው ወር ቤት ለቤት ዙሩ። «ትጠቀሚበታለሽ?» አትበሉ፤ ሁሉም አዎ ይላል። ጓዳ ገብታችሁ ጉልቻውን እዩት። አመዱ ትኩስ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ ካርድ አልቆ ይሆናል፣ ለድግስ ይሆናል። ካርድ አልቆ ከሆነ ሒሳቡን አብራችሁ አስሉት፤ አንዳንዱ ቤት የማገዶውን ብር ቢያተርፍም ለካርድ መለየት አልለመደም። ባዶ የሻይ ቅጠል ጣሳ ላይ «ካርድ» ብሎ ጽፎ ሳንቲም ማስቀመጥ ይበቃል። መዝገቡን ስትጨርሱ ለቀጣዩ እቁብ የሚመዘገቡትን ስም በዚያው ደብተር ጀርባ ጻፉ፤ የመጀመሪያው ዕጣ ከግንቦት በፊት እንዲወጣ።